ነገ ረጅም መንገድ አለ፤ ዛሬን ሀዋሳ ላይ የት እናሳልፈው?

ጓደኛሞች ተሰባስባችኋል። አንዱ ከአዲስ አበባ ትናንት ማታ ገብቷል። አንዷ ከዲላ መጥታለች። የቀራችሁት የሀዋሳ ልጆች ናችሁ። ነገ ሲነጋጋ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ረጅም መንገድ ትጀምራላችሁ። ዛሬ ግን ገና ሙሉ ቀን አለ፤ ሁሉም ደግሞ የየራሱን ሐሳብ ይዟል። አንዱ አሞራ ገደል፣ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ወርደን ዓሣ እንብላ ይላል። ሌላው ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ሳንገባማ አንሄድም ይላል። ሾፌሩ ጎሚስታ ጋ መድረስ አለብኝ ይላል። አንዷ ደግሞ «እማዬ ቡና ሳይጠጡ እንዳይሄዱ ብላለች» ትላለች።

ሁሉም ደህና ሐሳብ ነው። አንድ ቀን ውስጥ ግን ሁሉም አይገባም። ሁሉንም እንንካ ከተባለ ሲመሽ ሰው ደክሞ፣ መኪናው ሳይፈተሽ፣ ሻንጣው ሳይታሰር ይቀራል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ሀዋሳ ላይ በእንዲህ ያለ ቀን የሚነሱትን አማራጮች እያነጻጸርኩ፣ የቱ ቢያዝ የቱ ቢተው እንደሚሻል የራሴን ፍርድ እሰጣለሁ።

እኔ ሁሉንም የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው፦ ይህን ነገር የነገው መንገድ ይሰጠናል ወይ? መንገዱ ላይ የምታገኙትን ዛሬ መሻማት አያስፈልግም። ሁለተኛው፦ ይህን ካደረግን ሾፌሩ በስንት ሰዓት ይተኛል? ሌሎቻችሁ መኪና ውስጥ ማንቀላፋት ትችላላችሁ። እሱ አይችልም። ቀኑ የሁላችሁም ቢሆንም ልኩ የሚወሰነው በእሱ እንቅልፍ ነው።

መጀመሪያ አቅጣጫችሁን እዩ

ከሀዋሳ የሚወጣ መንገደኛ ወይ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄደው ጥቁር ውሃ ወንዝን ተሻግሮ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሻሸመኔ ይገባል። ሻሸመኔ መስቀለኛ ናት። ቀጥ ያለው አዲስ አበባ ይወስዳል፤ ሞጆ ላይ የታጠፈ አዳማን፣ አዋሽን፣ ድሬዳዋንና ሐረርን ያገኛል። ወደ ምዕራብ የዞረ በሀላባና በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ የዞረ ኮፈሌንና ዶዶላን አልፎ ባሌ ይገባል። ወደ ደቡብ የሚሄደው ደግሞ ዲላን፣ ይርጋጨፌን፣ ቡሌ ሆራንና ያቤሎን ይዞ እስከ ሞያሌ ይዘልቃል።

ይህ ለዛሬው ቀን ምን ያደርግልናል? ብዙ ነገር።

መንገዳችሁ አርባ ምንጭ ከሆነ ዛሬ ለጀልባ ሰዓት አታባክኑ። ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባም ጉማሬም አዞም ይጠብቃችኋል። ወደ ቦረናና ሞያሌ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከቡሌ ሆራ ካለፋችሁ በኋላ አገሩ እየደረቀ፣ እየሞቀ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳር ቁጭ የምትሉት ዛሬ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠዋቱን ለሐይቁ ስጡት። ወደ ሐረር የሚሄድ በላንጋኖ፣ በባቱና በቆቃ ሐይቆች አጠገብ ያልፋል፤ መተሐራ ሲደርስም በሰቃ ሐይቅን ያያል። ግን መንገዱ ረጅም ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመስኮት አይቶ ነው የሚያልፈው። እሱም ዛሬ ሐይቅ ዳር ቢውል ያተርፋል።

ቡናም እንደዚሁ ነው። ደቡብ የምትወርዱ ከሆነ ለስጦታ የሚሆን ቡና ከሀዋሳ ተሸክማችሁ አትሂዱ። ነገ ይርጋጨፌ መሀል ታልፋላችሁ፤ ወደ ዲላ ስትወርዱም አናናሱ መንገድ ዳር ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ የምትሄዱ ከሆነ ግን የሲዳማን ቡና ዛሬ እዚሁ ግዙ። ከተቆላው ይልቅ ጥሬውን ምረጡ። መኪና ውስጥ ሙቀት ሲበዛ የተቆላ ቡና ሽታው ቶሎ ይጠፋል፤ ጥሬው ግን ሳምንታትን ያለ ችግር ይቆያል። የሚቀበላችሁ ሰውም ቤቱ ቆልቶ ሲያፈላው ደስታው ሌላ ነው።

ባሌ የምትሄዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሀዋሳ ከፍታዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው። የባሌው ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ዛሬ በቲሸርት እየዞራችሁ የነገውን ብርድ መገመት ይከብዳል። ጋቢና ወፍራም ጃኬት ሻንጣ ሥር ሳይሆን እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

መኪናው፦ ዛሬ ጋራዥ ወይስ ዛሬ ፍተሻ ብቻ?

ብዙ ሰው ሰርቪሱን ለመጨረሻው ቀን ያቆየዋል። «ከመውጣታችን በፊት አንድ ቀን ጋራዥ ይገባል» ይባላል። በእኔ እምነት ይህ ትክክል አይደለም። የፍሬን ሸራ፣ ቺንጋ፣ ባትሪ፣ ዘይትና ፊልትሮ የሚቀየር ካለ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ይቀየር። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲስ የተገጠመ ዕቃ እንከን ካለው የሚታወቀው መኪናው ትንሽ ከተነዳ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሀዋሳ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ መካኒኩ ጋ ትመለሳላችሁ። ያቤሎ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ግን ቀኑ ሄደ ማለት ነው። ደግሞም የመጨረሻው ቀን ጋራዥ የገባ መኪና «አንድ ዕቃ ጠፋ፣ ነገ ጠዋት ይመጣል» ሊባልበት ይችላል። ያን ጊዜ ጉዞው በሙሉ ይንጠለጠላል።

ለዛሬ የሚተርፈው ፍተሻ ብቻ መሆን አለበት። ፍተሻው ደግሞ ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ ነው ጥሩ የሚሆነው። የጎማ ንፋስ በትክክል የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ ከተነዳ በኋላ ሞቆ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሰውም ዕቃም ጭናችሁ ስለምትሄዱ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ምልክት ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ቁጥር ተመልከቱ። ጎሚስታውም ቁጥሩን ከእናንተ ይስማ፤ በልማድ አይሙላ። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አትርሱት። ብዙ መኪና ስኮርታ አለው፤ ስኮርታው ግን ንፋስ የለውም። ክሪኩና ጎማ መፍቻው በቦታቸው መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ። መፍቻውንም ብሎኑ ላይ አድርጋችሁ ልኩ መሆኑን ሞክሩ። ዛሬ የግድ ጎማ የተቀየረ ከሆነ ነገ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቆም በሉና ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ።

ከዚያ የራዲያተር ውሃ፣ የሞተር ዘይት፣ መብራቶች፣ የዝናብ መጥረጊያ። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ወረቀቱ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ይመደብ፦ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ። አንዱ ጊዜው ካለፈ ኬላ ላይ ከሚታወቅ ዛሬ ቤት ቢታወቅ ይሻላል።

ነዳጅ፦ ዛሬ ወይስ ነገ ጠዋት? ያለ ጥርጥር ዛሬ። ማደያ ላይ ሰልፍ መቼ እንደሚረዝም ማንም አያውቅም፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ሰልፍ ላይ መቆም ደግሞ የቀኑን ምርጥ ሰዓት ይበላል። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ስለሆነ የከፋዩ ስልክ ቻርጅ ይኑረው፣ ገንዘቡም ቀድሞ ይግባ። ከሰዓት ሰልፉ ቀለል ያለበትን ሰዓት ጠብቆ አንድ ሰው ይሂድ። አምስታችሁም ማደያ ላይ የምትቆሙበት ምክንያት የለም።

ነዳጅ ከተሞላ በኋላ መኪናውን አቁሙት። በዛሬው ቀን ከተማ ውስጥ በባጃጅ ተንቀሳቀሱ። ሀዋሳ ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ለሚወድ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ከተማ የለም። ባጃጅ ትንሽ ብር ያስወጣል፤ ግን መኪናውም ሾፌሩም ያርፋሉ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ «አድርሰኝ፣ መልሰኝ» ሲባል ከዋለ ነገ የሚነዳው የደከመ ሰው ነው።

ጠዋት፦ አሞራ ገደል፣ ታቦር ወይስ ጀልባ?

ሦስቱም ለጠዋት የተሠሩ ናቸው። ሦስቱንም አንድ ጠዋት ውስጥ መጨረስ ይቻላል፤ ግን ሩጫ ይሆናል። ሁለት ምረጡ።

አሞራ ገደል የሰዓት ጉዳይ ነው። አሣ አጥማጆቹ ሌሊቱን መረባቸውን ጥለው አድረው ጠዋት ይመለሳሉ። ገበያው የሚደምቀው ፀሐይ ከወጣች በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አምስት ሰዓት ላይ የሄደ ሰው የታጠበ ጠረጴዛና የጠገበ አሞራ ነው የሚያገኘው። በጊዜ ከደረሳችሁ ግን ጀልባው ሲገባ፣ መረቡ ሲፈታ፣ ቆሮሶው ሲላጥ፣ አምባዛው ሲጎተት ታያላችሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሰው ቁመት ሊያክሉ ምንም አይቀራቸውም፤ በሰዎቹ መሀል እየተንጎማለሉ የተጣለውን ያነሳሉ። ከሌላ ከተማ የመጣ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ሳያይ አይሂድ። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ። ጦጣዎቹ ደፋሮች ናቸው፤ ሙዝ ይዞ መቆም ለእነሱ ግብዣ ነው። ስልክና ቦርሳ ያዝ አድርጉ።

ታቦር ተራራ ሌላ ዓይነት ጠዋት ነው። ትልቁ ጥቅሙ እግር ማፍታታቱ ነው። ነገ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ዳገት መውጣት ለወገብም ለጉልበትም ይጠቅማል። ከላይ ከተማው በአንድ በኩል፣ ሐይቁ በሌላ በኩል ይታያል። መውጣት ያለባችሁ ፀሐይ ሳትከር ነው። በቡድን ሂዱ፤ ውሃ ያዙ፤ ሾፌሩ ካልፈለገ አታስገድዱት።

ጀልባ ደግሞ ከሦስቱ ብዙ ብር የሚወጣበት ነው። ግን ለተሰባሰቡ ጓደኛሞች የሚሰጠውን ጨዋታ ሌላው አይሰጥም። ማንም ተነስቶ መሄድ በማይችልበት ቦታ አንድ ላይ መቀመጥ ለወሬ ይመቻል። ከጠዋት ሌላ ሰዓት አልመክርም። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይበረታል፤ ጠዋት ግን ውሃው የተኛ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ለስንት ደቂቃ ነው የሚለውን ቁርጥ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ጉማሬ ካያችሁ ጀልባ ቀዛፊውን «ትንሽ ጠጋ በል» አትበሉት። እሱ የቆመበት ርቀት ትክክለኛው ርቀት ነው።

አንድ የጤና ነገር ልጨምር። ሀዋሳ ሐይቅ ውስጥ ብልሃርዚያ እንዳለ በጥናት የታወቀ ነው። ዳር ላይ እግር ነክሮ መቀመጥ ደስ ይላል፤ ግን ይቅርባችሁ። መዋኘት የሚወድ የሪዞርት ገንዳ ይፈልግ።

ሐይቁን ስታነሱ ይህንንም አስቡ። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፤ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ወደ ሐይቁ የተጣለ ላስቲክና ጠርሙስ የሚሄድበት የለም፤ እዚያው ይቀራል። የበላችሁበትን ሰብስባችሁ ተመለሱ።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። እንግዳ ጓደኛ ካለ አሞራ ገደልና ጀልባ። ሁላችሁም የሀዋሳ ሰዎች ከሆናችሁ ታቦርና አሞራ ገደል። አርባ ምንጭ የምትሄዱ ከሆነ ጀልባውን ሙሉ በሙሉ ተዉት። ሾፌሩ ጠዋት ጎሚስታ ጋ ከሆነ ከእሱ ጋር አንድ ሰው ይሂድ። ብቻውን እንዲቀር አታድርጉ፤ ለእናንተ ሲል ነው እዚያ ያለው።

ምሳ፦ ዓሣ፣ ክትፎ ወይስ ቡርሳሜ?

እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። የመንገድ ዋዜማ ላይ ጥሬ አይበላም። አሞራ ገደል ላይ ጥሬ ዓሣ በአዋዜና በሚጥሚጣ የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ጣዕሙንም አልክድም። ክትፎና ቁርጥም እንደዚያው። ግን ሆድ ከተበላሸ የሚበላሸው ሌሊት ወይም ነገ ጠዋት ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ መኪና ውስጥ ናችሁ፤ መጸዳጃ ቤቱም ሩቅ ነው። አንድ ሰው ከታመመ ጉዞው የሁሉም ሰው ሕመም ይሆናል።

ስለዚህ ዓሣውን አብስላችሁ ብሉ። ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ ከዳጣ ጋር፣ ወይም ጉላሽ፣ ወይም ለብለብ። ከዚያ በፊት የዓሣ ሾርባ ቢቀድም ጥሩ ነው። አምባዛ ቅባት ስለሚበዛበት የሚወደው ይወደዋል፤ ለዛሬ ግን ቆሮሶ ለሆድ ቀላል ነው። አሞራ ገደል ላይ ገዝታችሁ እዚያው ብታስጠብሱ በርካሽ ትወጣላችሁ፣ ዓሣውም ትኩስ ነው። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች ብትቀመጡ ዋጋው ይጨምራል፤ ግን ወንበሩም ጥላውም መታጠቢያውም ምቹ ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ከነበራችሁ እዚያው በሉ፤ ሆቴሉን ለማታ ሻይ አቆዩት።

ቡርሳሜ ሦስተኛው አማራጭ ነው። ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ የሲዳማ ምግብ ነው። ከሩቅ የመጣ ጓደኛ ቀምሶ ቢሄድ ደስ ይለኛል። ግን ከባድ ነው። ከበላ በኋላ ሰው መነሳት አይፈልግም። የከሰዓት ሥራ የሌለው ሰው ይብላው፤ ሾፌሩ ደግሞ በልቶ አንድ ሰዓት ቢተኛ ጭራሽ ይጠቅመዋል።

ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ጾም ከገባ፣ የሚጾም ጓደኛችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዓሣ ቤት ገብቶ «ለእኔ ሽሮ ካለ» ማለት ደስ አይልም። በያይነቱም ዓሣም ያለበት ቤት ካገኛችሁ ሁሉም አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣል።

ከሰዓት፦ ወንዶ ገነት ወይስ ከተማ?

ይህ ነው ብዙ ክርክር የሚያስነሳው። ወንዶ ገነት ከሻሸመኔ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ፍል ውሃው፣ ጫካው፣ ዝንጀሮና ጉሬዛው፣ ሁሉም ያምራል። ከሀዋሳ ሄዶ፣ ታጥቦ፣ ትንሽ ተቀምጦ ለመመለስ ግን ግማሽ ቀን ይበላል። በሻሸመኔ በኩል ከሄዳችሁ ደግሞ የከተማው መጨናነቅ አለ፤ ሲመሽ ይብሳል።

የወንዶ ገነት ጥቅም የሰውነት እረፍት ነው። ሙቅ ውሃ ገብቶ የወጣ ሰው ማታ እንቅልፉ ጥሩ ነው። ጉዳቱ ሰዓቱ ነው። በስምንት ሰዓት የወጣ ቡድን ተመልሶ ሀዋሳ ሲገባ ጨልሟል፤ ሻንጣ አልታሰረም፣ ስንቅ አልተዘጋጀም፣ ቡናው ቤት የሚጠብቁት እናት ደግሞ ሦስቴ ደውለዋል።

እኔ ወንዶ ገነትን የምደግፈው መኪናው ትናንት ያለቀለት፣ ዕቃውም ትናንት የተሰበሰበ እንደሆነ ነው። ሾፌሩም ዛሬ መሪ መያዝ የለበትም፤ ሚኒባስ ተኮናትራችሁ ሂዱ። ያኔ ደግሞ የጠዋቱን ሐይቅ ትታችሁ በጠዋት ሂዱና በስምንት ሰዓት ተመለሱ። «ነገ በሻሸመኔ ስናልፍ ጎራ እንላለን» የሚል ሐሳብም ይነሳል። ይህንን አልቀበልም። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ፍል ውሃ ገብቶ ሰውነቱ የላላ ሾፌር መሪ ላይ ያንቀላፋል። ለመመለሻው ቀን ብታቆዩት ግን ድካም የሚወጣበት ምርጥ ቦታ ይሆናል።

ከተማ የቀረ ቡድን ከሰዓቱን በሦስት ይከፋፈል። አንድ ሁለት ሰው ገበያ ይሂድ፣ አንድ ሰው ማደያ፣ ሾፌሩ ወደ አልጋ። ገበያ የሚሄዱት ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ትልልቅ ውሃ፣ ሶፍት፣ የእጅ ባትሪ፣ ፕላስተርና የራስ ምታት ክኒን ይግዙ። የሚያስመልሰው ሰው ካለ ፋርማሲ ጎራ በሉና የመንገድ መድኃኒት ጠይቁ።

ስንቅን ቤት ማዘጋጀት ነው ወይስ መንገድ ላይ መብላት? ሁለቱም። ምሳ መንገድ ላይ ትኩስ ብሉ፤ ለመሀሉ ግን ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ ወይም ድፎ ዳቦ ያዙ። ጭኮ በቅቤ ታሽቶ ስለሚሠራ ቀናትን ይቆያል፤ ትንሹ ደግሞ ያጠግባል። ሳንድዊችና የተቀቀለ እንቁላል ከያዛችሁ እስከ ረፋድ ይበሉ። ሙቀት ውስጥ እስከ ከሰዓት ማቆየት አደጋ ነው።

የብር ነገርም ዛሬ ይለቅ። «አንዴ አንተ፣ አንዴ እኔ» የሚለው አከፋፈል ለአንድ ከሰዓት ይሆናል፤ ለረጅም መንገድ ግን ቅሬታ ይወልዳል። እኩል መዋጮ አዋጡና አንድ ሰው ይያዘው። ነዳጅ፣ ምግብና አልጋ ከዚያ ይከፈል። ያዡም በየማታው ለሁሉም ይንገር። ገንዘብ ላይ ግልጽ የሆኑ ጓደኛሞች መንገድ ላይ አይኮራረፉም።

ማታ፦ ፍቅር ሐይቅ፣ ሌሊት ወይስ እናት ቤት?

ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ስለዚህ ፀሐይ የምትገባው በውሃው ላይ ነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መንሸራሸሪያ በአሥራ አንድ ተኩል ደርሳችሁ አንድ ሰዓት ያህል መንሸራሸር ደስታ ነው፤ ብርም አያስወጣም። ሲጨልም ግን ወባ ትንኝ ይወጣል። ሀዋሳ ወባ ያለባት ከተማ ናት። ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ከጨለመ በኋላም እዚያ አታምሹ።

ሌሊቱን መውጣት የሚፈልግ አይጠፋም። «ዛሬ ካልተጫወትን መቼ ልንጫወት ነው» ይላል። እውነት አለው፤ ሁላችሁ አንድ ላይ የምትገኙበት ማታ ብዙ አይደለም። ግን ሾፌሩ እያለ የማይሆን ነገር ነው። ቢራ ባይጠጣ እንኳን ያመሻል። ጫትም እንደዚሁ። ዋዜማውን የቃመ ሰው ሌሊቱን ዓይኑ ፈጦ ያድራል፤ እንቅልፉ የሚመጣው ነገ ረፋድ ላይ፣ መሪ ይዞ ነው። ይህን ሾፌሩ ራሱ እንዲናገር አትተዉለት። «አንተ ግባና ተኛ፣ እኛም እንገባለን» ብሎ ከጎኑ የሚቆም ጓደኛ ያስፈልገዋል። መውጣት የምትፈልጉ ለመመለሻው ማታ ቅጠሩ። ያኔ የምታወሩትም ይበዛል።

እናት ቤት ቡና ከሁሉም ይበልጥብኛል። ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ከሩብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ወደ ፍቅር ሐይቅ መውረድ ይቻላል። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ተጠጥቶ ይነሳል። ሾፌሩ አቦሉን ብቻ ቢጠጣ ለእንቅልፉ ይሻላል፤ እማማም ምክንያቱን ከሰሙ አይቀየሙም። እዚያ ቤት ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር አለ፤ ምርቃት። «መንገዳችሁን ያቅናው፣ ገብርኤል ይከተላችሁ» ሲሉ ሁላችሁም ጎንበስ ብላችሁ «አሜን» ትላላችሁ። ሙስሊም ቤት ከሆነ ዱዓው አለ። እናትየው የሾፌሩን ስም ለይተው ጠርተው «አደራ፣ ቀስ ብለህ» ይሉታል። ይህን ቃል የሰማ ሰው ነገ ጭነት መኪና ልቅደም ሲል ያስታውሰዋል። እንደ እኔ ከሆነ የሰዓት እጥረት ቢመጣ ጀልባውም ወንዶ ገነትም ይቅሩ፤ ይህ አይቅር።

ጠዋት ቅዱስ ገብርኤል ተሳልሞ መነሳት የሚፈልግ ካለ ደግሞ ከመነሻው ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ቤተ ክርስቲያኑ መሀል ከተማ ስለሆነ ብዙ አያዞርም።

ጭነትና መነሻ

ዕቃ ዛሬ ማታ ይጫን ወይስ ነገ ጠዋት? ግቢና ዘበኛ ካለ ዛሬ ማታ። በጨለማ እየተቻኮሉ መጫን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሆናል። ከባዱ ሻንጣ ከታች፣ ወደ ወንበሩ ተጠግቶ። ፖርቶ መጋላ (ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) ላይ ቀላል ቀላሉ ብቻ ይውጣ፤ ከላይ የከበደ መኪና ጠመዝማዛ ላይ ያዘነብላል። ስኮርታውና ክሪኩ ሻንጣ ሥር አይቀበሩ። ግቢ ከሌላችሁና መኪናው መንገድ ላይ የሚያድር ከሆነ ዕቃው በር አጠገብ በተራ ተደርድሮ ይደር፤ ጠዋት አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

መነሻውን አንዳንዱ በአሥር ሰዓት ሌሊት ይፈልጋል፤ መንገዱ ባዶ ነው ይላል። ባዶ አይደለም። መብራት የሌለው ጋሪ አለ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት አለ፣ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ የጭነት መኪና ሾፌር አለ። በሁለት ሰዓት ቁርስ በልቶ የተነሳ ደግሞ የየከተማው ገበያና ባጃጅ መሀል ይገባል፤ ማታም ሳይደርስ ይጨልምበታል። የምመክረው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ዓይን አጥርቶ ማየት ሲጀምር። ለዚያ ሾፌሩ ዛሬ በሦስት ሰዓት አልጋ ላይ መሆን አለበት። ቁርስ ቤት አትብሉ፤ አንድ ስኒ ሻይ ይበቃል። ወደ ደቡብ የምትሄዱ ዲላ ላይ ቁርስ ብሉ፤ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሐረር የምትሄዱ ባቱ ላይ ቁሙ። ወደ አርባ ምንጭ ሀላባ፣ ወደ ባሌ ደግሞ ዶዶላ። እዚያ ስትቆሙ ብሎኖቹን ነካ ነካ አድርጉ።